ሱፐርቫይዘር ካደረጉኝ 7 ወር ሆነኝ፣ ወደ ማሽኔ ልመለስ ወይስ?

ጆንያ_ቆጣሪ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ያለሁት ጅማ ነው፣ ቡና የሚያበጥርና የሚያስለቅም ድርጅት ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም ከተማዋን ታውቋታላችሁ፣ እዚህ ጅማ መርካቶ ያወራኸው ነገር አንተ ቤትህ ሳትገባ ቆጪ ሰፈር ይደርሳል። ስገባ በጠቅላላ 15 ነበርን፣ ሀጂ (ባለቤቱን ነው) ራሳቸው ሚዛን ላይ ይቆሙ ነበር፣ ማን እንደታመመ ማን እንደወለደ ያውቃሉ። አሁን ቋሚው ብቻ 60 አልፏል፣ ለቀማ (የተበላሸውን ፍሬ በእጅ ማውጣት) ላይ ያሉት እናቶችና እህቶች ቡና ሲገባ 100 ይሞላሉ፣ ሁለተኛ መጋዘን ተጨምሯል፣ ከኅዳር ወዲህ የማታ ፈረቃም አለ።

እኔ 6 አመት ማበጠሪያው ላይ የሰራሁ ነኝ። ጉራ አይሁንብኝና ድምፁን ሰምቼ የቱ ወንፊት እንደተደፈነ አውቃለሁ። ጥቅምት ላይ ሀጂ ቢሮ ጠርተውኝ ከነገ ጀምሮ የቀን ፈረቃው ሱፐርቫይዘር አንተ ነህ አሉኝ፣ 1,500 ብር ጨመሩልኝ፣ ከደስታዬ ብዛት እዛው ግቢ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩ። ስልጠናውም ሹመቱም ያው እሱ ነበር። ደብዳቤ የለ፣ ይሄን ትወስናለህ ይሄን አትወስንም ያለኝ የለ፣ ሠራተኛውን ሰብስቦ የነገረም የለ፣ ጠዋት ወረቀት ይዤ ስዞር ሲያዩኝ ነው የገባቸው።

ከዛ ወዲህ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ጓደኞቼ የነበሩ ናቸው፣ ከሥራ ስንወጣ በርጫ አብረን ነበር የምንቀመጠው፣ አሁን ስገባ ወሬ ይቆማል። ሐሙስ የገበያ ቀን አይደል፣ አንዱ ልጅ ሦስት ሐሙስ በተከታታይ ቀረ፣ ስጠይቀው "ሀጂ ያውቃሉ" አለኝ፣ የባለቤታቸው ዘመድ ነው። የቀረባቸውን ቀናት ጽፌ ለቢሮ ሰጠሁ፣ ከሰዓት ሀጂ ደወሉልኝ፣ "ተው እንጂ ልጁን አታስጨንቀው"። በቃ። የሚቀጥለው ሐሙስ አራት ሰው ቀረ። ማንን ልናገር?

ሌላው ደሞ አዲስ አበባ ያለው የሽያጭ ሰውዬ በቀጥታ እኔ ጋ ይደውላል፣ ዛሬ ማታ ሁለት መኪና ተጭኖ ይውጣ ይላል። ጥራት የምትቆጣጠረው ልጅ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ ነው አይጫንም ትላለች፣ ልክ ናት፣ እርጥብ ቡና በጆንያ ተከምሮ ቢሻግት ተጠያቂው ማነው? እኔ። ሳይጫን ቢያድርስ? እሱም እኔ። ሁለቱም አለቆቼ አይደሉም ግን ሁለቱም ያዝዙኛል።

ማሽን ሲቆም እጄ አያስችለኝም ራሴ እገባበታለሁ፣ ኦፕሬተሩ ስልኩን እየነካካ ቆሞ ያየኛል። ሁሉም ከሄደ በኋላ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሪፖርት እጽፋለሁ። ኦቨርታይም ስጠይቅ "አንተ እኮ ማኔጅመንት ነህ" ተባልኩ። በፊት በወር 2,500 ገደማ ኦቨርታይም ነበረኝ፣ አሁን 1,500 ተጨመረልኝና እሱ ቀረ፣ አስሉት እስቲ፣ አድጌ ከሰርኩ 😂

ጥያቄዬ፣ እዚህ ቤት ፎርማን፣ የፈረቃ መሪ፣ ካቦ ምናምን ሆናችሁ ያለፋችሁ ሰዎች ይሄ ነገር በጊዜ ይስተካከላል ወይስ በክብር ወደ ማሽኔ ልመለስ?


የመንቲና_ልጅ፦

ድሮ ካቦ ሲባል ደሞዙ ከፍ ይል ነበር፣ ሱፐርቫይዘር ሲባል ስሙ ረዘመና ደሞዙ አጠረ ማለት ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር ብለውህ አልነበር? ቀልዱ ይቆይና ግን አንተ ሹመት አልተሰጠህም፣ የተሰጠህ ስድብ መቀበያነት ነው። እኔ ብሆን እመለሳለሁ።


ለቀማ_ቤት፦

ወንድሜ አትመለስ፣ ቢያንስ አሁን አትመለስ። እኔ እዚሁ ጅማ ሌላ ድርጅት የለቀማ ክፍል ነው የምመራው፣ ዘጠኝ አመት ራሴ ለቅሜያለሁ ከዛ አራተኛ አመቴ በኃላፊነት። የጻፍከውን ሳነብ የመጀመሪያ አመቴን ነው ያየሁት፣ ልዩነቱ አንተ ማሽን ላይ ትገባለህ እኔ ደሞ ጎንበስ ብዬ የሰው ቡና እለቅም ነበር። አንዷ ቀስ ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ አግዛታለሁ፣ እሷ ጎበዝ ተባለች፣ እኔ ጀርባዬን አመመኝ፣ ከኋላዬ ያሉት 30 ሴቶች ምን እየለቀሙ እንደሆነ ያየ የለም። አንድ ቀን የእኛ ክፍል ቡና ሙሉውን ተመለሰ፣ ድጋሚ ይለቀም ተባለ። ያኔ ነው የነቃሁት። እኔ አንድ ጎበዝ ለቃሚ ነበርኩ፣ ድርጅቱ ግን ጎበዝ ለቃሚ አልነበረም የጎደለው፣ የሚያይ ሰው ነው የጎደለው።

ከዛ ያደረኩት ነገር በጣም ቀላል ነው አትሳቅብኝ። ካርቶን ላይ ጥቁሩን ፍሬ፣ ተባይ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ያልበሰለውን በየረድፉ በኮላ ለጥፌ በየጠረጴዛው አስቀመጥኩ። ከዛ በፊት "አጥሪ! አጥሪ!" እያልኩ ነበር የምጮኸው፣ ለካ አጥሪ ማለት ለእያንዳንዷ የተለያየ ነገር ነው። አዲስ የምትገባውን ደሞ መጀመሪያ እኔ እየለቀምኩ ታያለች፣ ከዛ እሷ ትለቅማለች፣ ከዛ እየለቀመች ይሄን ለምን እንዳወጣችው ትነግረኛለች። ለምን እንዳወጣችው መናገር ካቃታት ያልገባት እሷ ሳትሆን ያላስረዳሁት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፣ ግማሽ ሰዓቱን የሰሰትኩባት ሴት አንድ ወር ሙሉ ታስለፋኛለች።

ቋንቋም አትርሳ። ከገጠር የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ በአፋን ኦሮሞ ነው የሚግባቡት፣ ከዳውሮና ከከፋ የመጡም አሉ፣ እኛ ቤት ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ተለጥፎ "ሠራተኛው አይሰማም" ይባል ነበር። ምኑን ይስማ? አሁን ጠዋት ከመጀመራችን በፊት አስር ደቂቃ ቆመን በሁለቱም ቋንቋ ነው የማወራው፣ ዛሬ የየትኛው መጋዘን ቡና ነው፣ ትላንት ምን ተመለሰ፣ ማን ቀረ። ስብሰባ አትበለው፣ ቁጭ አይባልም፣ ቁጭ ካልን ቡና ይፈላል ከዛ አለቀ።

ጓደኞችህ ወሬ ሲያቆሙ ደሞ አይክፋህ፣ እሱ አይመለስም። እኔ ቀብርም ሰርግም አብሬያቸው ነኝ፣ እድርም አንድ ነን፣ ግን ማን ደሞዝ ተጨመረለት የሚለውን ቡና ላይ አላወራም። ሲያጠፉ ደሞ በሰው ፊት አልናገርም፣ ጠርቼ ነው። በሰው ፊት የተናገርኳት አንዷ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም፣ እውነቷን ነው።


ፔሮል_ሠሪ፦

ሁላችሁም ስለ አመራር ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ብሩ ላውራ ምክንያቱም ልጁ እየተበላ ነው።

"ማኔጅመንት ነህ" የሚባለው ነገር በቃል አይደለም። አሰሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪ የሚለው ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ወይም የዲሲፕሊን እርምጃ የመውሰድ ስልጣን የተሰጠውን ሰው ነው። እንደዛ ያለ ሰው ከአዋጁ ውጪ ነው፣ ኦቨርታይም አይጠይቅም። አንተ ግን እንኳን ልታሰናብት የቀረበትን ቀን ጽፈህ ተመልሶብሃል። በምኑ ነው ማኔጅመንት የምትሆነው? ስልጣኑን በጽሑፍ ይስጡህና የደሞዝ ጭማሪውን እንደ ሥራ መሪ ተደራደር፣ ካልሰጡህ ኦቨርታይሙን ይክፈሉህ። ሁለቱንም መከልከል አይቻልም።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት አባዝተህ ለ12 ስታካፍል በወር 208 ሰዓት። ደሞዝህ 9,360 ነው እንበል (ምሳሌ ነው)፣ የሰዓትህ 45 ብር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ 67 ብር ከ50። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75። የሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5። በቀን ከ4 ሰዓት በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራት ራሱ አይፈቀድም። እና አንድ ነገር ልብ በል፣ የደሞዝና የኦቨርታይም ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፣ አንተ 7 ወር ሆነኝ ብለሃል፣ የመጀመሪያው ወር ሄዷል ማለት ነው። ነገ ሳይሆን ዛሬ በጽሑፍ ጠይቅ።

የሐሙሱን ልጅ በተመለከተ፣ አዋጁ አንቀጽ 27 ላይ ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች አሉ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን ያለበቂ ምክንያት መቅረት አንዱ ነው፣ ማርፈድም 8 ጊዜ። "በጽሑፍ" የምትለዋን አስምርባት። እኛ ቢሮ የሚመጣው ፎርማን ሁሉ "መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ" ነው የሚለው፣ የነገርከው በአፍ ከሆነ ምንም አልነገርከውም። ድርጅቱም ጥፋቱን ባወቀ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካልወሰነ መብቱ ይቀርበታል። ልጁ ይባረር እያልኩ አይደለም፣ ደብተሩን ያዝ እያልኩ ነው፣ ደብተር ያለው ሰው ጋ ሀጂም ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።


በርጩማ_ባለቤት፦

እኔ ደሞ ከዛኛው ወገን ነኝ፣ ባለቤት። የእንጨት ሥራ ነው ያለኝ፣ በርጩማ፣ ወንበር፣ ቁምሳጥን፣ በር። ስትሳደቡ ቆይታችኋል (ፔሮል_ሠሪ አንተን ነው)፣ ሀጂንም ስሟቸው።

አራት ሰው ይዤ ስጀምር ሁሉም ነገር በኔ ስልክ ነበር። ሚስማር ሲያልቅ ይደወላል፣ ልጅ ሲታመም ይደወላል፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳ ወይ ተብሎ ይደወላል። 20 ስንሞላ ስልኩ አልቀነሰም፣ በአምስት እጥፍ ጨመረ። እና እመኑኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ የምፈለግ መስሎኝ። ከዛ ምርጡን አናጢዬን ኃላፊ አደረኩት፣ ልክ እንደዚህ ልጅ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሠራተኞቹ ግን የኔን ቁጥር አልሰረዙም። አንዱ ደውሎ ቅሬታ ሲነግረኝ እኔ ደግ ሰው ነኝ ብዬ እዛው እፈታለሁ፣ ያንን ስፈታ የዛን ኃላፊ እግር እየቆረጥኩ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። በስምንት ወሩ ለቀቀ። ምርጥ አናጢም አጣሁ ኃላፊም አጣሁ፣ አሁን አጂፕ አካባቢ የራሱን ቤት ከፍቶ ደንበኞቼን እየወሰደ ነው፣ አልፈርድበትም።

ሁለተኛውን ስሾም አንድ ገጽ ጻፍን፣ አብረን ቁጭ ብለን። ሳይጠይቀኝ የሚወስነው፣ ማሽን ማቆም፣ የአንድ ቀን ፈቃድ መስጠት፣ ማን የቱ ሥራ ላይ እንደሚመደብ፣ እስከ 2,000 ብር መለዋወጫ መግዛት። ጠይቆኝ የሚወስነው፣ ኦቨርታይም ማሠራት፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አነበብኩት። ከዛ ከባዱ መጣ፣ ስልክ ሲደወልልኝ "ለሱ ነግረኸዋል?" ማለትን መልመድ። ይሄን አንድ ጥያቄ ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ፣ ዘመድ ሲሆን ደሞ አንደበቴ ይያዛል።

ስለዚ ወንድሜ ለሀጂ ቅሬታ ይዘህ አትግባ። ወረቀቱን ጽፈህ ግባ። ባለቤት ሰው ቅሬታ ሲሰማ ወቀሳ ይመስለዋል፣ ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ሲሰጡት ግን ይሞላል። ሰዓትም ምረጥ፣ መኪና እየተጫነ አይደለም፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ ጥሩ ሰዓት ነው፣ በልምዴ።


የመንቲና_ልጅ፦

ይሄ ጥሩ ነው ግን የአንተ 20 ሰው ነው። እዛ ግማሹ ሠራተኛ ዘመድ ነው፣ በወረቀት ዘመድ አይቆምም።


በርጩማ_ባለቤት፦

አይቆምም፣ እውነትህን ነው። ግን ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ ዘመዱ ሲደውል ባለቤቱ ያፍራል። በፊት አያፍርም ነበር።


ቂጦ_ኢንጂነር፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለቀማ_ቤት የጻፈችው ሠርቶ ማሳየት፣ ማሠራት፣ ማስረዳት የሚለው ነገር እሷ ራሷ ያገኘችው ይመስለኛል ግን በዓለም ላይ በጣም የታወቀ ነው። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው በአንድ ጊዜ አብጦ ፎርማን ሲያጥራቸው በፈረንጆቹ ከ1940 ጀምሮ ለፎርማኖች ይሰጡት የነበረ ስልጠና ነው፣ ሥራ ማስተማር፣ ከሠራተኛ ጋር መግባባት፣ አሠራር ማሻሻል። በኋላ ጃፓን ገባ፣ ዛሬ ካይዘን (አሠራርን ጥቂት በጥቂት ያለማቋረጥ ማሻሻል) ለምንለው ነገር አንዱ ምንጭ እሱ ነው። እኛ ጋ ካይዘን ሲገባ ግን ብዙ ቦታ ሰሌዳውና ቀለሙ ገባ፣ ፎርማኑን ማስተማሩ ወደ ኋላ ቀረ። አምስቱን ማዎች (በ"ማ" የሚጀምሩትን የካይዘን ደንቦች) ግድግዳ ላይ ለጥፎ "ማዝለቅ" የሚለው ላይ ማን ያዘልቀዋል ብሎ የማይጠይቅ ድርጅት ስንቱን አየሁ።

ለአንተ ያለኝ፣ በፈረቃው ስንት ጊዜ ማሽን እንደነካህ ቁጠር። ምንም አታሻሽል፣ ቁጠር ብቻ።


ለቀማ_ቤት፦

ኢንጂነር እኔን ጃፓን አደረግከኝ እኮ 😂 ሰሌዳው እኛም ጋ አለ፣ አቧራ ለብሶ።

ጆንያ_ቆጣሪ አንድ የረሳሁት፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ራስህ ሄደህ ስለ ሰዓቱ ተነጋገር፣ ባለቤቱ እስኪጠራህ አትጠብቅ። እኔ ካቻምና ጠዋት 12 ሰዓት አስገብቼ 8 ሰዓት አስወጣኋቸው፣ ለእፍጥር ቤታቸው ደረሱ ሥራውም አልጎደለም። ሴቶቹ ከዛ ቀን ጀምሮ ነው ክፍል ኃላፊ አለን ማለት የጀመሩት፣ አንዲት ፊርማ ሳይኖረኝ።


ጆንያ_ቆጣሪ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ዞረ፣ ከዛ በርጩማ_ባለቤት እንዳለው ከዙሁር በኋላ ገባሁ። ሀጂ መነፅራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ የመለዋወጫውን 3,000 ብዬ ነበር ሰርዘው 1,000 አደረጉት፣ የአንድ ቀን ፈቃዱን ተቀበሉ፣ ጭነትን በተመለከተ "ልጅቷ እርጥብ ነው ካለች አይጫንም፣ አዲስ አበባ ያለው ከደወለ ለኔ ይደውል በለው" አሉ። ይሄ ብቻውን ሌሊት እንቅልፍ መለሰልኝ። ለሠራተኛው ይነበብ ስላቸው ግን "እያደር" አሉኝ፣ እስካሁን አልተነበበም።

ኦቨርታይሙን በማመልከቻ አስገባሁ፣ ገቢ ያደረገችው ጸሐፊ ቁጥርና ቀን ሰጥታኛለች። ሂሳብ ሹሙ ከዛ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል። እናያለን።

ጠዋት አስር ደቂቃዋን ጀመርኩ፣ የመጀመሪያው ቀን አፍሬ በሦስት ደቂቃ ጨረስኩ። አፋን ኦሮሞዬ የሰፈር ስለሆነ ሳቁብኝ፣ ግን በሳቁበት ቀን ነው አንዱ "ሁለተኛው መጋዘን ሚዛን ይዋሻል" ብሎ የነገረኝ፣ ለካ ሁሉም ያውቅ ነበር እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት።

ማሽን የነካሁበትን በኖራ ምሰሶው ላይ እያሰመርኩ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት 23 ጊዜ። አፈርኩ። ሁለተኛው 14። ትላንት ከሰዓት ቆመ፣ ሄድኩና እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ኦፕሬተሩ አየኝ፣ ጠበቀኝ፣ ስልኩን አስቀመጠ። 40 ደቂቃ ፈጀበት፣ ላቡ ጠብ እስኪል ፈታታው። ሦስተኛው ወንፊት ነበር፣ ገና ሲቆም በድምፁ አውቄዋለሁ ግን ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።


ለቀማ_ቤት፦

ጎበዝ! የሐሙሱ ልጅስ?


ጆንያ_ቆጣሪ፦

ቀረ 😂 ግን በዚህኛው ሐሙስ ለኔ ደውሎ አስፈቅዶ ነው የቀረው።